እትዬ ደብሪቱና የመኮንን አልጋ

እትዬ ደብሪቱ ማረፏን የሰማሁት ኮምቦልቻ ገበያ፣ ጆንያ እያገላበጥኩ ሳለ ነው። የደሴ ጎረቤታችን የነበረች ሴት ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና፣ «ዘይነባ፣ ያቺ ጠበኛሽ አረፈች» አለችኝ። ሰው የሚያውቀን እንዲህ ነው። የእኔና የእሷ ስም በሰፈሩ አፍ ሲነሳ ከጠብ ጋር ነበር የሚነሳው። «ኢና ሊላሂ» ብዬ ያገላበጥኩት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ወላሂ አልዋሽም፣ መጀመሪያ ያደረግሁት እጄን አይቼ ነጠላዬ ውስጥ መደበቅ ነው። አቧራ ነበረበትና።

ደርግ ትርፍ ቤት ወርሶ ለቀበሌ ሲሰጥ እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ነበርኩ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እሱ ሲሞትብኝ አንድ ልጄን ሰይድን ይዤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ከእህል ነጋዴዎች ባዶ ጆንያ እገዛለሁ፣ አራግፌ ቀዳዳውን እየሰፋሁ መልሼ እሸጣለሁ። ቀበሌው ቤት የለም ሲለኝ ከረመና አንድ ቀን፣ «አንዲት ሴትዮ ሰፊ ክፍል ይዛ ብቻዋን አለች፤ ለአንድ ሰው ትርፍ ነው፤ ግማሹን ግቢበት» አለኝ።

ጆንያዬን በአህያ አስጭኜ ስደርስ በሩ ላይ ቆማለች። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋ ላይ አንዲት ሽብሽብ የሌላት ሴት። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ሰላምታዬን አልመለሰችም፤ አህያውን ነው ያየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጆንያ ነው፣ እትዬ።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ከሆነ ለምን ይገባል?»

በዚያው ቀጠልን። ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፤ በልቤ ግን አንቺ ነበረች። እሷ እኔን አንድም ቀን ዘይነባ ብላ አልጠራችኝም፤ «አንቺ ሴትዮ» ነበርኩ።

ሥራዋ ሆስፒታል ነው። የበሽተኛ አንሶላ ታጥባለች፣ በካውያ ትተኩሳለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ትፋት ስታስለቅቅ ውላ ቤቷ ስትገባ እኔ የጤፍ ብናኝና የባቄላ ገለባ ሳራግፍ ታገኘኛለች። ጣቷን በመስኮቱ ደፍ ላይ ታሳልፋለች፣ ጣቷን ታያለች፣ ቀጥላ እኔን ታያለች። እኔ ተቀምጬ የተነሳሁበትን በርጩማ እፍ ሳትልበት አትቀመጥም። ጫማ በሯ ላይ ይወልቃል፣ ፊቱም ወደ ውጭ ተደርጎ ይቀመጣል፤ «እንግዳ መውጣቱን እንዳይረሳ» ትላለች። አንድ ቀን ሽንኩርት ከትፌ ክዳኑን ሳልገጥም ብወጣ ስትጮህ መላው ሰፈር ሰማት።

«ሽንኩርት ነው እንጂ ሬሳ አይደለም፣ እትዬ» አልኳት።

«ሬሳማ ይታጠባል» አለችኝ።

ክፍሉን የምንከፍልበት መጋረጃ እንኳ አላስማማንም። እሷ በአሮጌ አንሶላ ይሁን አለች፣ እኔ በጆንያ። በመጨረሻ ሁለታችንም ሰቀልን፤ ከእሷ በኩል ሲያዩት ነጭ፣ ከእኔ በኩል ሲያዩት ጆንያ። ሳንጣላበት የቀረ አንድ ነገር ሥጋ ብቻ ነው። የእስላምና የክርስቲያን ድስት ለየብቻ መሆኑን ከእናቶቻችን አውቀነዋል፤ እሷ ስታበስል እኔ ወጥቼ ደጅ እቀመጣለሁ፣ እኔ ሳበስል እሷ። ሰላም የነበረን ያኔ ነው፣ በግድግዳ ተለያይተን። መሠረተ ትምህርት ግቡ ሲባል ደግሞ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጡን። ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ ጎን ሆኜ ነው። ደብተሬን አንገቷን ሰግጋ ታይና፣ «ፊደልሽም ይቆሽሻል» ትለኛለች። ይህን ስጽፍ እንኳ ከጎኔ ሆና የምታይብኝ ይመስለኛል።

ከእሷ በኩል ሁለት አልጋ ነበር። አንዱ የእሷ ነው፣ ሁለተኛው የብረት አልጋ የልጇ የመኮንን። መኮንንን ብሔራዊ ውትድርና ብለው ከዚያው ደጃፍ የወሰዱት እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። ወደ ሰሜን ግንባር ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ደብዳቤ የለም፣ ሞተ የሚል የለም፣ ተማረከ የሚል የለም። እሷ በየቅዳሜው አንሶላውን ትለውጣለች፣ ብርድ ልብሱን ወጥራ ከፍራሹ ሥር ታስገባለች። አንድ ቀን እኔን ልትጠይቅ የመጣች ሴት ሳታውቅ ጫፉ ላይ ብትቀመጥ እትዬ ደብሪቱ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት፣ ከዚያም አንሶላውን ገፍፋ ወሰደችና አጠበችው።

ሼህ አሊ የሚባሉ የቅሬያችን ዳኛ ነበሩ። ቅሬ እኛ ወሎዎች የምንቀባበርበት ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ነው። የቅሬ ሰው ሞተ ከተባለ ሥራ የለም፣ ኩርፊያ የለም፤ የቀረ ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ የራሱ ሬሳ ዞር ብሎ የሚያየው ያጣል። ሼህ አሊ መጥተው በቀስታ ነገሯት።

«ደብሪቱ፣ ይሄ ነገር በሆድሽ ታፍኖ ይጎዳሻል። ሀዘን ተቀመጪና እናልቅስልሽ፤ ይውጣልሽ።»

«ማንን ነው የምታለቅሱልኝ?»

«እንግዲህ ልጁ…»

«እኔ ሀዘን ተቀመጥኩ ማለት ገደልኩት ማለት ነው። ሞተ እስኪሉኝ ድረስ እኔ አልገድለውም። ሼህ አሊ፣ ሻይዎን ይጠጡና ይሂዱ።»

ጠጥተው ሄዱ። እኔ ከጆንያው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ልቧ ድንጋይ ነው አልኩ።

የእኔ ፍርሃት ሌላ ነበር። ሰይድ ዐሥራ ስምንት ዓመቱን አልፎ ጢሙ ማቀምቀም ጀመረ። እህል በረንዳ ጭነት ያወርድ ነበር፤ የውትድርና አፈሳው ሲበረታ አስቀረሁት። አንዴ ከገበያ፣ አንዴ ከሲኒማ በር፣ አንዴ ከሠርግ ቤት ሳይቀር እያፈሱ ይወስዳሉ። ቀን ቀን ከጆንያው ክምር ጀርባ እየተኛ ይውላል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ሐርቡ ከተማ ወንድሜ ዘንድ ሄዷል እላለሁ። ከሰው ሁሉ ደብቄ ከእትዬ ደብሪቱ ግን መደበቅ አልችልም፤ በመካከላችን ያለው መጋረጃ ነው። ሲያስነጥስ ትሰማለች። እግሩ ከጆንያው ሥር ብቅ ካለ፣ «እግርህን ሰብስብ፤ እግር ሳይሆን ማሳ ነው» ትለዋለች። ከዚያ ያለፈ ቃል ስለ እሱ ተናግራ አታውቅም። ያ ነበር ያስፈራኝ። አንድ ነገር ብትለኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ብታስፈራራኝ ልቧን አውቅ ነበር።

ቀበሌ ደግሞ እግሯ አይጠፋም። ቧንቧው ሲደፈርስ ትከሳለች፣ ጎረቤት ጥራጊ ሲደፋ ትከሳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትከሰው እኔን ነው። ጃንጥላዋን ስታነሳ በሩ ላይ እቀድማታለሁ።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ቀበሌ።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ለአቧራሽ ጉዳይ።»

እስክትመለስ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ዱዓ አደርጋለሁ። ዛሬ አውጥታው ይሆን፣ ተናዳ አምልጧት ይሆን እያልኩ። ስትመለስ ከኋላዋ ሰው መኖር አለመኖሩን ነው የማየው። ወላሂ የዚያን ጊዜ ጠላሁት የምለው ሰው ቢኖር እሷ ናት። ልጄ በእጇ ነበረ፤ እሷም ታውቀዋለች።

ቀኑ የሰኞ ገበያ ነበር፣ ረፋዱ ላይ። የጦሳ ተራራ ጉም ገና አልተገፈፈም። ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ሳለ አብዮት ጥበቃዎቹ የመንገዳችንን ሁለት ጫፍ ይዘው ከታች ጀምሮ ቤት ለቤት ሲገቡ አየሁ። ፊት ፊት ጓድ ሽፈራው አለ፣ የጥበቃው ኃላፊ። መኮንንን የወሰደውም እሱ ነው። እንስራዬን ጥዬ ሮጥኩ።

እትዬ ደብሪቱ የዕረፍት ቀኗ ሆኖ ቤት ነበረች፣ ካውያዋን በከሰል ሞልታ ትተኩሳለች። በእጄ ወደ ታች አሳየኋት። ካውያውን አስቀመጠችና በመስኮቱ አየች። ቀጥላ መጋረጃውን፣ የእሷንም የእኔንም፣ በአንድ እጅ ገለጠችው።

«ና ውጣ» አለችው ሰይድን።

አለቀልን አልኩ። ልታስረክበው ነው ብዬ ነጠላዋን ያዝኩ። እጄን ከላይዋ አንስታ ልጄን ወደ መኮንን አልጋ ገፋችው።

«ሥሩ ግባ። ከግድግዳው ጋር ተለጠፍ። እግርህን ሰብስብ።»

የአልጋውን አንሶላ ከፍራሹ ሥር መዝዛ እስከ መሬት ለቀቀችው። ከሳጥኗ የመኮንንን ካኪ ሱሪና ሸሚዝ አወጣች፤ እንደተተኮሱ ናቸው። አልጋው ላይ ሰው እንደተኛ አድርጋ ዘረጋቻቸው። ትንሽ ቆማ አየቻቸው፤ የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከለች። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ወረወረች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ በሩን ከፍታ ወጣች።

እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት አልሰማሁም። «መኮንን! ልጄ!» አለች፣ ደረቷን መታች፣ ጭቃው ላይ ወደቀች። ያቺ ጭቃ የምትጸየፍ ሴት ፀጉሯን ጭቃ ላይ አንከባለለችው። ገና ሁለተኛውን ስትጮህ በሮች ተከፈቱ። ሴቶች እጃቸውን ሊጥ እንደነካ ወጡ። ወደ ገበያ የሚወርደው ዕቃውን አስቀምጦ ተመለሰ። «ደብሪቱ መርዶ መጣላት» ተባባሉ፤ ስንት ዓመት ሲጠብቁት የነበረ ለቅሶ ነው። የቅሬው ጠሪ በየመንገዱ መጣራት ጀመረ። መንገዱን በሁለት ጫፍ የያዙት ጥበቃዎች ራሳቸው የቅሬው አባል ናቸው፤ ጠመንጃቸውን ይዘው ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ ሕዝቡ በመካከላቸው አለፈ።

ቤቱ ሞላ። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ልብሱን እያዩ ያለቅሳሉ፣ ጉልበታቸው የሰይድን ጎን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔም አጠገባቸው አለቅሳለሁ። የማለቅሰው ለመኮንን አልነበረም፤ ሰው ግን፣ «ጠብ ቢኖርም ዘይነባ አንጀቷ ራርቷል» አለ። በዚያ ሁሉ መሀል የእትዬ ደብሪቱን ዓይን አየሁት። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይገባል፤ ምንጣፉ ላይ ጭቃው እየወፈረ ሲሄድ እያንዳንዱን ጫማ በዓይኗ እየተከተለች ታለቅስ ነበር።

ጓድ ሽፈራው በሩ ላይ መጣ።

«ጓዲት ደብሪቱ፣ ማን ነው መርዶውን የነገረሽ? በመንግሥት በኩል የመጣ ነገር የለም።»

ማን ነገራት? የወሬውን ምንጭ አምጪ ቢሏት፣ አስረዋት ቤቱን ቢበረብሩት ያበቃ ነገር ነው።

እትዬ ደብሪቱ ቀና አለች። ፊቷ ጭቃ ነው።

«ሽፈራው፣ ከዚህ በር የወሰድከው አንተ ነህ። የት እንዳለ ንገረኝና አሁኑኑ ዝም ልበል።»

ሼህ አሊ ከውጭ ሆነው፣ «ሽፈራው፣ ለቅሶ ቤት ቆሞ አይወራም፤ ግባና ተቀመጥ፣ አለዚያ መንገዱን ልቀቅ» አሉት። ባርኔጣውን አወለቀ። ገብቶ ተቀመጠ፣ እግሩ ከአልጋው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ሰይድ በዚያች ሰዓት አሳለው። እትዬ ደብሪቱ ሳሉ ሳያልቅ ኡኡ ብላ አልጋው ላይ ተደፋች፤ ሴቶቹም ተከተሏት፤ ቤቱ ተናወጠ። ጓድ ሽፈራው አንገቱን ደፍቶ ቆየና ተነስቶ ሄደ። ሰዎቹም መንገዱን ለቀቁ።

ለቅሶ ከተጀመረ ግን አይቆምም። ድንኳን ተተከለ፣ ቅሬው እንጀራና ንፍሮ አመጣ። ሰይድ ቀን አልጋው ሥር ነው፤ ሰው ሲቀልል እህል ውሃ እሰጠዋለሁ። በሰልስቱ ዕለት የሐርቡ ወንድሜ ዘመዶቻችንን በጭነት መኪና ሞልቶ ለለቅሶ መጣ፤ የጎረቤቴ ሀዘን የእኔም ነውና ያገሬ ሰው አይቀርም። ሲመለሱ ጋቢ ተከናንበው ከተሳፈሩት ወንዶች መካከል ሰይድ ነበረ። ሐረጎ ላይ ኬላው፣ የዘማች ለቅሶ ደራሾች ናቸው ሲባል የሀዘን አለባበሳቸውን አይቶ አሳለፋቸው። ከሐርቡ ወዴት እንደሄደ አሁንም ብጽፈው እጄ ይፈራል። ሄደ፣ አልተያዘም።

ለቅሶተኛው በተበተነ ማግስት ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ልስም ሄድኩ። አዲስ ነጠላ ገዝቼላት ነበር። ተንበርክካ ወለሉን በብሩሽ ትፈትጋለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«እትዬ፣ አላህ ውለታዎን…»

«አታመስግኚኝ።»

«እንዴት አላመሰግንም? ልጄን…»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ አልኩሽ። ምስጋናሽን የተቀበልኩ ቀን ልጄን በእውነት ቀበርኩት ማለት ነው። ነጠላሽን ይዘሽ ወደዚያ። ጆንያሽንም ውጭ አድርጊው።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ጠብ ከፊተኛው የከፋ ነው። የፊተኛው የአቧራ ነበር። ይሄኛው ምን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፣ ስሙን ግን አንጠራውም። የሰፈር ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ «መኮንን ደህና ነው?» ማለቱን ተወ። «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል። ያቺን በሰማች ቁጥር ገብታ እኔን ትሰድባለች። አልጋውን መልሳ አነጠፈች፣ በቅዳሜው አንሶላውን ለወጠች። ጎረቤቶች፣ «ከተለቀሰ በኋላ አልጋ ማንጠፍ ምንድን ነው? አእምሮዋ ተነካ» አሉ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ መናገር አልችልም፤ ብናገር የሰይድ ነገር ይወጣል። አንድ ቀን ውሃ ወረፋ ላይ ሴቶች ሲሳለቁባት ዝም ብዬ ቆምኩ፤ እሷም ከሩቅ አየችኝ። ቤት ስንገባ፣ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። የተናገረችኝ ብቸኛው የደግ ቃል ይሄ ነው፤ እሱም እንደ ስድብ ነበር አወጣጡ።

ደርግ ሲወድቅ ሰይድ መጣ፣ ኮምቦልቻ ገባን። ያኔ የተበተነው ወታደር ባዶ እግሩን በደሴ መንገድ ሲያልፍ እትዬ ደብሪቱ ሸዋ በር ቆማ እያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር አሉኝ። ላያት ወጣሁ። አልተቃቀፍንም፤ ጎን ለጎን ቆመን ሲያልፉ ዋልን። መኮንን አላለፈም። ወደ ማታ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ሳይታጠብ» አለችና ገባች።

እንግዲህ መሞቷን ከሰማሁ በኋላ ሰይድን ይዤ ደሴ ወጣሁ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ገባን። ሼህ አሊ አሉ፣ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። የቤቱ ባለሀዘን የሚቀመጥበት ቦታ ፊት ለፊት ባዶ ነው፤ ዘመድ የላትም። ለቅሶ ደራሹ እየገባ ማንን እንደሚያጽናና ይጠፋዋል።

«ባለሀዘን ሆኖ የሚቀመጥ ሰው የለም ወይ?» አሉ ሼህ አሊ።

ሰይድ ተነሳ። የዛሬው ሰይድ የልጆች አባት ነው፣ የአልጋው ሥር ነገር ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ወደዚያ ሲራመድ ጋቢውን ያዝኩት።

«ተው።»

«እማ፣ ልጇ ልሁንላት እንጂ። ይሄን እንኳ?»

«ተው አልኩህ። የመኮንን ቦታ ነው። ሲመጣ የት ይቀመጣል?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ ሴት፣ «ዛሬም ከሟች ጋር ትከራከራለች» ስትል ሰማኋት። እኔ ጋቢውን አልለቀቅሁም። ሼህ አሊ ድምፄ ወደመጣበት አንገታቸውን አዘነበሉ። የመኮንንን ለቅሶ ቀን ያሰቡ ይመስለኛል፤ ምን እንደገባቸው አላውቅም።

«ወገኖች፣ ወዲያ ጠጋ በሉ» አሉ በመጨረሻ። «ቦታውን ለመኮንን ተዉለት።»